ከሲያትል የመጣው የጥድ እንጉዳይ፤ መድኃኒት ከሆነ ለምን አይመርም?

ነጥቡን ከፊት ልንገራችሁና ልገላገል። አጋሪኮን ለሚባል የእንጉዳይ ካፕሱል ከ5 ኮከብ 2 ሰጥቻለሁ። አንዱ ለብልቃጡ ነው። ሌላው መለያ ወረቀቱ ስላልዋሸ ነው። አንብበን የማንጨርሰው እኛ ነን።

ብልቃጡ ቡናማ መስታወት ነው፣ ክዳኑ ጥቁር፣ ሆዱ ላይ ጭጋግ የለበሰ ደን ተስሏል። ውስጡ 60 ካፕሱል አለ። ዋጋው 32 ዶላር እንደሆነ ከሥሩ የተለጠፈች ትንሽ ወረቀት ትናገራለች፤ ላኪዋ መላጡን ረስታው ነው መሰለኝ። ወደ ብር መትቼ አየሁት። ባላየው ይሻለኝ ነበር።

ላኪዋ የአጎቴ ልጅ ነች፣ ሲያትል ነው የምትኖረው። አጎቴን ጋሼ ነው የምላቸው። ከመሐል ሜዳ ደብረ ብርሃን እኔ ቤት የመጡት ለገና ነበር። ሳል ይዟቸው መጡ። ደረቅ ሳል፣ ሌሊት ሌሊት የሚብስ። ልጃቸው በቪዲዮ ስትደውል ገና ሰላምታው ሳያልቅ ሁለት ጊዜ ሳሉባት።

«አባዬ፣ ይሄ ሳል ምንድነው?»

«ብርድ ነው ልጄ፣ ብርድ።»

አላመነቻቸውም። ሐኪም ቤት ሂድ ብላ ለመነች። ጋሼ ደግሞ ሐኪም ቤት ከሚሄዱ ጣርማ በርን ሽቅብ በእግራቸው ቢወጡት ይመርጣሉ። በሦስተኛው ሳምንት የሰፈራችን አንድ ልጅ ከአሜሪካ ሲመጣ ብልቃጡ አብሮት መጣ። «ጥድ ላይ የሚበቅል እንጉዳይ ነው፣ እዚህ ሰው ለሳንባ እያለ ይወስደዋል» አለች በስልክ። ጋሼ አገላብጠው አዩትና ወደ እኔ ዞር አሉ። «የጅብ ጥላ ነው የላከችልኝ?»

አይደለም። የጅብ ጥላ ክረምት ላይ ከመሬት ብድግ ብሎ በሳምንቱ የሚበሰብሰው ነው። ይሄኛው የቆመ ግንድ ላይ እንደ መደርደሪያ ተለጥፎ ለአሥርት ዓመታት የሚኖር፣ ከላዩ እንደ እንጨት የጠነከረ ነገር ነው። አጋሪኮን ይባላል። የሚወደው ላርች የሚባለውን ዛፍና በአሜሪካ ሰሜን ምዕራብ ያለውን ዳግላስ ፈር ነው፤ ሁለቱም የጥድ ዘመድ በሏቸው። በየዓመቱ ከሥሩ አንድ ድርብ ይጨምራል። እያደር ቁልቁል እየረዘመ ይሄድና ዛፍ ላይ የተሰቀለ የንብ ቀፎ ይመስላል። ሲሰበር ውስጡ ነጭ ነው፣ እንደ ጠመኔ በጣት ይፈረፈራል።

ባዮሎጂ አስተማሪ ስለሆንኩ እንዲህ ዓይነት ነገር ሳገኝ አልለቅም። ሁለት ሌሊት ሳነብ አደርኩ። የግሪኩ ሐኪም ዲዮስቆሪዲስ በመጀመሪያው ክፍለ ዘመን ስለ መድኃኒቶች ሲጽፍ ይሄን እንጉዳይ አንስቶታል። ስሙን ከጥቁር ባሕር በላይ ካለች አጋሪያ ከምትባል አገር አያይዞታል፣ ከሰጠው ጥቅም ውስጥም የሳንባ በሽታ አለበት። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የአውሮፓ ሐኪሞች ከሱ የወጣውን አጋሪሲን የሚባል ነገር ለሳንባ ነቀርሳ ሕመምተኞች የሌሊት ላብ ያዙ ነበር። ላቡን ይቀንሳል እንጂ በሽታውን አይነካውም። መጠኑ ከበዛ ደግሞ ሆድ ያጥባል፣ እኛ ኮሶ ጠጥተን እንደምንሆነው ማለት ነው።

አንዱን ነገር ግን ለተማሪዎቼ ሳልነግር አላለፍኩም። በአሜሪካ ሰሜን ምዕራብ ጠረፍ ያሉት ትሊንጊትና ሃይዳ የሚባሉ ሕዝቦች ከዚህ እንጉዳይ የሰው ምስል እየቀረጹ የመንፈስ አዋቂዎቻቸው መቃብር ላይ ያቆሙ ነበር። ሙዚየሞች ምስሎቹን ሰብስበው ሲያስቀምጡ ከእንጨት የተሠሩ መስሏቸው ኖሩ። እንጉዳይ መሆናቸው በጥናት የወጣው እ.ኤ.አ. በ1992 ነው። አስቡት፣ መቶ ዓመት መስታወት ውስጥ አስቀምጠው እንጨት ነው እያሉ ሲያስጎበኙ!

ወደ ብልቃጡ ልመለስ።

ያነበብኩት ሁሉ በአንድ ነገር ይስማማል፤ አጋሪኮን ይመራል። ያውም ቀልድ ያልሆነ ምሬት። እንጨት ቆራጮች የኪኒን እንጉዳይ ብለው የጠሩት በምሬቱ ነው፤ ኪኒን የሚባለው መራራ የወባ መድኃኒት ግን የለበትም፣ ለወባም አይሆንም። ጣሊያኖች ከምግብ በኋላ በሚጠጧቸው መራራ መጠጦች ውስጥ ይጨምሩታል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጣው ደንብ በዚሁ እንጉዳይ ውስጥ የሚገኘውን አጋሪክ አሲድ ለብቻው አውጥቶ ምግብ ውስጥ መጨመር ከልክሏል። የእኛ ከተማ አረቄ ውስጥ ቢገባ ምን ይሆን ነበር ብዬ ትንሽ አሰብኩ። ከዚያ ተውኩት፣ አረቄው የማንንም እርዳታ አይፈልግም።

እንግዲህ ምሬቱን እየጠበቅኩ አንድ ካፕሱል በጥፍሬ ከፍቼ መዳፌ ላይ ገለበጥኩት። ፈዛዛ ቢጫ ዱቄት ነው። በጣቴ ነካ አድርጌ ቀመስኩ። ጠበቅኩ። ምንም። እንደገና ቀመስኩ። ጣፈጥ ይላል! ምላሴ ላይ እንደ ዱቄት ይቦካል፣ ጥርስ ላይ ይጣበቃል።

ለጋሼ አቀበልኳቸው። ጋሼ መዳፋቸውን ልሰው ዓይናቸውን ጨፈኑ፣ ኮሶ ሊጠጡ የተዘጋጁ ሰው ይመስሉ ነበር። ከዚያ ዓይናቸውን ገለጡ።

«በሶ ነው።»

«በሶ አይደለም ጋሼ፣ እንጉዳይ ነው።»

«አንተ ልጅ፣ ሰባ ዓመት በሶ በልቻለሁ። ደግሞ መድኃኒት ከሆነ ለምን አይመርም?»

ይቺ ጥያቄ ናት ይሄን ሁሉ ያስጻፈችኝ። ሳይንስ አይደለም፣ የማይመርም መድኃኒት ሞልቷል። ለዚህ ብልቃጥ ግን ከዚህ የተሻለ ጥያቄ የለም፣ ምክንያቱም ይመራል ተብሎ የሚታወቅ ነገር ካልመረረ አንድም የለም፣ አንድም በጣም ትንሽ ነው።

መነጽሬን አድርጌ ከጀርባው ያለውን ደቃቅ ጽሑፍ ማንበብ ጀመርኩ። ፊት ለፊት ትልቁ ጽሑፍ አጋሪኮን ነው የሚለው። ከጀርባ፣ ከጨው ቅንጣት በማይበልጥ ፊደል፣ «በቡናማ ሩዝ ላይ ያደገ የእንጉዳይ ድር» ይላል። ድር ያልኩት ማይሲሊየም የሚባለውን ነው። እንጉዳይ በሕይወቱ አብዛኛውን ጊዜ እንደ ሸረሪት ድር የቀጠነ ክር ሆኖ እንጨት ውስጥ ተዘርግቶ ነው የሚኖረው። ግንድ ላይ የምናየው መደርደሪያ የሱ ፍሬ በሉት። ድርጅቱ ያደረገው ድሩን የተቀቀለ ሩዝ ላይ ዘርቶ ማሳደግ፣ ሩዙን ሲወርሰው ሁሉንም በአንድ ላይ ማድረቅና መፍጨት ነው። ከነሩዙ። ድሩን ከሩዙ መለየት አይቻልም፣ ተጠላልፏል። ስንት እጁ ድር ስንት እጁ ሩዝ እንደሆነ ግን ብልቃጡ አይናገርም።

ይሄን ቤት ውስጥ መፈተሽ ቀላል ነው። ከመድኃኒት ቤት የቁስል አዮዲን ገዛሁ። አዮዲን ስታርች ሲነካ ወደ ጥቁር ሰማያዊ ይቀየራል፣ ዘጠነኛ ክፍል ያስተማርኩት ልጅ ሁሉ ያውቀዋል። እንጉዳይ ደግሞ እንደ እህል ስታርች አያከማችም፣ የሱ ስንቅ እንደ እኛ ጉበት ግላይኮጅን ነው።

አራት የቡና ስኒ ማስቀመጫ ደረደርኩ። አንደኛው ላይ የካፕሱሉን ዱቄት፣ ሁለተኛው ላይ በሶ፣ ሦስተኛው ላይ ከአዲስ አበባ ያመጣሁትን ነጭ ደረቅ እንጉዳይ ፈጭቼ፣ አራተኛው ላይ ደግሞ አናጢ ቤት ያገኘሁትን የጥድ እንጉዳይ ብናኝ አደረግሁ። የአናጢውን በኋላ እነግራችኋለሁ። ጋሼ ጋቢያቸውን ተከናንበው ወንበር ጠጋ አደረጉ። ባለቤቴ ስኒ ማስቀመጫዋ እንዳይበላሽ እያለች ከበር ላይ ቆማለች።

ሁሉም ላይ ትንሽ ውኃ፣ ከዚያ አንድ አንድ ጠብታ። ነጩ እንጉዳይ ወርቅማ ቡናማ እንደሆነ ቀረ። የአናጢ ቤቱ ፊቱንም ቡናማ ነበር፣ አልተለወጠም። በሶው ጠቆረ። ካፕሱሉም ጠቆረ። ያውም ከበሶው ቀድሞ፣ እንደ ቀለም ብልቃጥ ደፍተው የተዉት ይመስል።

«አላልኩህም?» አሉ ጋሼ። ስኒ ማስቀመጫዋ አሁንም ሰማያዊ ጥላ አለባት፣ ጉዳዩ ቤት ውስጥ አልተዘጋም።

አሁን ደግሞ ለፍርድ ሚዛን ልያዝ። ድርጅቱ አጭበረበረ አላልኩም። ሩዝ መሆኑን ጽፏል። እንዲያውም ከጫካ የተቆረጠ አጋሪኮን ሸጦ ቢሆን የበለጠ እጣላው ነበር። ይሄ እንጉዳይ የሚፈልገው ያረጀ ዛፍ ነው፣ መቶዎች ዓመት የቆመ፣ እንዲህ ዓይነት ደን ደግሞ በየአገሩ ተጨፍጭፏል። በዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ቀይ መዝገብ እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ ለመጥፋት የተቃረበ ተብሎ ሰፍሯል። ስለዚህ ድሩን ላብራቶሪ ውስጥ ማሳደግ ትክክለኛው መንገድ ነው። ድሩም ባዶ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ ጥናት ላብራቶሪ ካሳደጉት ድር ኩማሪን የሚባሉ ውህዶችን አውጥቶ የቲቢ ባክቴሪያን እድገት ሲገቱ አሳይቷል። ይሄ የሆነው ግን መፈተኛ ዕቃ ውስጥ ነው፣ ተነጥሮ በወጣ ውህድ። መፈተኛ ዕቃ ውስጥ ባክቴሪያ የሚገድል ነገር ብዙ ነው፣ አረቄም ይገድላል። ከሰው ሳንባ ጋር ሌላ ወሬ ነው።

ቅሬታዬ ከዋጋውና ከፊደሉ መጠን ጋር ነው። ሩዙ ከጀርባ፣ ደኑ ከፊት። ከደብረ ብርሃን ገበያ አንድ ኪሎ ሩዝ ስንት እንደሆነ ስለማውቅ ነው የሚያንገበግበኝ።

የአናጢው ነገር። የቤት ጣሪያ ላሠራ ጥድ ስገዛ ከተቆለሉት ግንዶች አንዱ ላይ የፈረስ ኮቴ የሚያህል እንጉዳይ ተለጥፎ አየሁ፤ ከላይ የተሰነጣጠቀ ጥቁር፣ ሲሰበር ውስጡ ቀላ ያለ ቡናማ። ለፈተናው የወሰድኩት ከሱ ነው። አናጢው ግንዱን በመጥረቢያ ጀርባ ኳ ኳ አደረገው። ድምፁ እንደ ከበሮ ነው። «ይሄ ከወጣበት ልቡ አልቋል። ከውጭ ብታየው ጥድ ነው፣ ከውስጥ ባዶ» አለኝ። ልክ ነው፣ የሐበሻ ጥድን ልብ እንጨት እያበሰበሰ የሚበላ እንጉዳይ በምሥራቅ አፍሪካ የታወቀ ነው፤ መደርደሪያው ከውጭ የሚታየው ድሩ ውስጡን ከበላ በኋላ ነው። ይሄን የምጽፈው አንዳንድ ሰው አንብቦ «እንግዲያው ወፍ ዋሻ ደን ወይ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ካሉት ጥዶች ለምን አልለቅምም» እንዳይል ነው። አጋሪኮን አይደለም። ዘሩም ሌላ፣ የሚኖርበት ዛፍም ሌላ። ጥድ ላይ ስለወጣ ብቻ አንድ አይሆንም፣ አፍልታችሁ እንዳትጠጡት።

በነገራችን ላይ ከተማችን ውስጥም የእንጉዳይ ቡና የሚሸጡ አሉ። ሬሺ የሚባለውን የቻይና እንጉዳይ ከፈጣን ቡና ጋር ቀላቅለው፣ አዳራሽ ተከራይተው፣ ስኳርም ደም ብዛትም ካንሰርም ያድናል ብለው ነው የሚያወሩት። አንድ ጊዜ ስብሰባቸው ላይ ተቀምጫለሁ። ቡናው አይከፋም፣ ጣፋጭ ነው። ወሬው ግን ከቡናው ይጣፍጣል። ኮክሬን የሚባለው ጥናቶችን የሚመዝን ተቋም ሬሺን ለካንሰር እንደ ዋና ሕክምና ለመጠቀም የሚያበቃ ማስረጃ የለም ብሏል፣ የስኳር ሕመምተኞች ልብ ላይም እንዲሁ። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት፣ ዋርፋሪንም ሆነ አስፕሪን፣ የሚወስድ ሰው ደግሞ ሬሺ ሳይጨምርበት ሐኪሙን ይጠይቅ፤ መድማት ሊያባብስ ይችላል። አዳራሹ ውስጥ ይሄን ያነሳ የለም። እኔ እጄን አውጥቼ ልጠይቅ ስል ማይክራፎኑ ወደ ሌላ ወንበር ሄደ።

ጋሼ እንዴት ሆኑ ለምትሉ። ካፕሱሉን አልሰጠኋቸውም። ከአዮዲኑ ማግሥት ግን አንድ ነገር ተመቸኝ። ጋሼ ሳቁ፣ ሲስቁ ሳሉ፣ ሲያስሉ ደከሙ፣ እና «እሺ፣ ፈረንጁ በሶ ከላከልን የመንግሥቱን ደግሞ እንይ» አሉ። ጤና ጣቢያ ይዣቸው ሄድኩ። ከሁለት ሳምንት በላይ የቆየ ሳል ከሆነ አክታ ይመረመራል፣ ደንቡ ነው፣ በመንግሥት ተቋም ደግሞ የቲቢ ምርመራውም መድኃኒቱም በነጻ ነው። ሕክምናው 6 ወር ይፈጃል፣ ተገኝቶ ቢሆን ኖሮ እኔ ቤት 6 ወር በሰነበቱ ነበር፣ ባለቤቴ ስታስብ የነበረው እሱን ነው። አልተገኘባቸውም። ነርሷ የጠየቀቻቸው ስለ ኩበት ነው። ቤት ውስጥ ነው የሚነደው? በየት ይወጣል ጭሱ? ጋሼ መሐል ሜዳ ያለ ሰው ኩበት ካላነደደ ምን ያንድድ ብለው ሊቆጡ ጀመሩ። መስኮት እንኳ ክፈቱ አለቻቸው። «ብርዱስ?» አሉ። መልስ አልነበራትም፣ እኔም አልነበረኝም። ሳሉ እኛ ዘንድ፣ ከጭስ ርቀው፣ ከዚያ በኋላ በአሥር ቀን ውስጥ ቀለለ። ማታ ማታ ባለቤቴ የጦስኝ ሻይ ከማር ጋር ታፈላላቸዋለች። ለሳሉ ነው አልልም፣ ጉሮሮ ያለሰልሳል፣ ይሸታል፣ ርካሽ ነው፣ ጣርማ በር መንገድ ዳር በእቅፍ ይገዛል። ደግሞ ጦስኝ ብለህ ስትገዛ ጦስኝ ነው።

ማን ይግዛው? አጋሪኮንን ለማየት ጓጉቶ 32 ዶላር የማያስጨንቀው ሰው ካለ ይግዛ፣ ከጀርባው መጀመር ግን አይርሳ። «ድር» የሚል ቃልና የእህል ስም አንድ ላይ ካየ እህል እየገዛ መሆኑን ይወቅ። ሳል ለያዘው ሰው ብሎ የሚልክ ግን ገንዘቡን በሐዋላ ይላከው፣ ለጤና ጣቢያ መሄጃና ለጭስ መውጫ ቆርቆሮ ይሆናል። የአጎቴን ልጅ እንዲህ ብዬ አልነገርኳትም። ደውላ «አባዬን ተሻለው?» ስትለኝ «ተሽሏቸዋል» ነው ያልኳት። ውሸት አይደለም።

ጋሼ ትናንት ወደ መሐል ሜዳ ሲመለሱ ሻንጣቸው ውስጥ ብልቃጡን አየሁት። ካፕሱሎቹን ፌስታል ውስጥ ገልብጠው ለእኔ ትተዋል።

«ይሄን ለምንድነው ጋሼ?»

«ፌጦ ላደርግበት። ክዳኑ አየር አያስገባም፣ ግሩም ዕቃ ነው።»